ፍሬኑ በግራ ነው

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም ልኩን አልነግራችሁም፤ ቀን መያዝ ድሮም አይሆንልኝም ነበር፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ተምታቶብኛል። ባለቤቴና ልጄ ገና አገር ቤት የነበሩበት፣ ስልክ በካርድ የሚደወልበት፣ የወንዱም የሴቱም ጃኬት ትከሻው እንደ ትራስ የሚነፋበት ዘመን ነው። ካልገሪ ውስጥ አንዱ ዊንተር ነው፣ በቃ። ልጄ ሰላም "አባዬ፣ ናይንቲ ስንት?" ትለኛለች። እንጃ። ብርዱን አስታውሰዋለሁ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታውን አስታውሰዋለሁ፣ ንዴቱ ደግሞ እነሆ እስከ ዛሬ አብሮኝ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ማርልቦሮ ሞል ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ነው። ብርዱ ሲከፋ ሰላም ከሰፈራችን ከማርቲንዴል በመኪና አምጥታ እዚያ ታወርደኛለች፤ እኔም እንደ እኩዮቼ ከጫፍ እጫፍ ስንሸራሸር እውላለሁ። ወገቤን ላሳርፍ ቁጭ ባልኩበት፣ ባለጎማ መደገፊያ እየገፋ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ መጣና ፊት ለፊቴ ቆሞ "ዴኒስ" አለኝ። ስሜ ደምሴ ነው። ዴኒስ ብሎ የሚጠራኝ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፎርማኔ የነበረው ግሌን። ፀጉሩ አልቋል፣ ያ በር የሚያክል ትከሻው ወደ ውስጥ ገብቷል። እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት፤ ሰላምታ አይነፈግም። እጄን ይዞ ሳይለቅ፣ ጥሩ ዘመን ነበር እኮ አለኝ፤ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር፣ ሠርተን ስቀን እንገባ ነበር፣ ማንም ሰው አይጎዳም ነበር አለኝ። ይህን የሚለኝ ቀኝ አውራ ጣቴ መዳፉ ውስጥ ሳይታጠፍ እንደ እንጨት ቆሞ እያለ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እሱን ኋላ አመጣዋለሁ።

ቤት ስገባ የተቀዳልኝን ሻይ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ሰላም ምን ሆነህ ነው ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነገርኳት። "አባዬ፣ ሌት ኢት ጎ በቃ። ላይክ፣ ሽማግሌ ሰው ነው እኮ" አለችኝ። እኔስ ጎረምሳ ነኝ? ሰው ሲያረጅ በደሉም አብሮት ያረጃል ያለው ማነው?

ያን ጊዜ እዚያው ማርልቦሮ፣ ከሞሉ ጀርባ ካሉት ዝቅ ያሉ ቤቶች በአንዱ ቤዝመንት ውስጥ ከመስፍን ጋር እኖር ነበር። መስፍን መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ልጅ ነው፤ ጋሽ ደምሴ እያለ ይጠራኝ ነበር። ጠዋት ገና ሳይነጋ ባቡር፣ ከባቡር አውቶቡስ፣ አውቶቡስ ላይ ያችን ቀጭን የትራንስፈር ወረቀት፣ የመሻገሪያዋን ቲኬት፣ ጓንቴ ውስጥ ወትፌ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚሉት የፋብሪካ ሰፈር እወርዳለሁ። ማቆሚያው ጥግ ላይ ዶናት ቤት ነበረ። ቡናው ዶላር አይሞላም፤ ሴትየዋ ፊቴን አይታ ትቀዳልኝ ነበር እንጂ ምን ልስጥህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ በቦታው ጎማ የሚሸጥ ቤት ቆሟል፣ ያንኑ ጥቁር ውሃ ደግሞ ሞል ውስጥ በስንትና ስንት ይሸጡታል። ጆሮዬ ላይ ዎክማን አለ። ያለኝ ካሴት አንድ ነው፤ ከመደጋገሙ ብዛት ክሩ ላልቶ ዘፋኙ ሰክሮ የሚዘፍን ይመስላል። ባትሪው ብርድ ሲነካው ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ይይዘዋል። ጃኬቴን ከሰልባጅ ቤት በአንድ ዶሮ ዋጋ ነው የገዛሁት። ወይን ጠጅ መደብ፣ እጅጌው አረንጓዴ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ መብረቅ ያለበት። ናዝሬት ሰርግ ቤት ለብሼው ብገባ ሙሽራው በመስኮት ይዘል ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ፎቶውን አይታ የት አለ፣ እኔ ልልበሰው ትለኛለች። ፋሽን ሆኗል አሉ።

የምሠራበት ግቢ ስኖሞቢል ያከራያል። ለማያውቀው፣ ስኖሞቢል በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ነው፤ ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥሩ ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው። ደንበኞች በተጎታች ጭነው ወደ ተራራው ይወስዱታል። የእኔ ሥራ ሲመለስ ማጠብ፣ ነዳጅ መሙላት፣ ግቢው ውስጥ ከመጋዘን ወደ ተጎታቹ እየነዱ ማውጣት ነው። ሥራውን ያገኘሁት ሞተር መንዳት አውቃለሁ ብዬ ነው፣ አልዋሸሁም። ናዝሬት ዕድሜዬን ሙሉ በሞተር ብስክሌት ለፋርማሲዎች መድኃኒት ሳደርስ ነው የኖርኩት። ግን ልዩነት አለው። የእኛ ሞተር ነዳጁም በቀኝ እጅ፣ የፊት ፍሬኑም በቀኝ እጅ ነው። አህያ ድንገት ከገባብህ ቀኝ እጅህን ትጨብጣለህ፣ ሞተሩ ይቆማል። ስኖሞቢል ላይ ፍሬኑ በግራ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ነዳጅ መስጫው ብቻ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ ምላስ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ቀኝህን ከጨበጥክ ምላሷን አብረህ ትጫናለህ፤ ማሽኑ በመቆም ፈንታ ዘሎ ይሄዳል። ይህን ስህተት ሞተር ነድቶ የማያውቅ ሰው አይሳሳተውም፤ የሚሳሳተው የእኔ ቢጤ ነው።

ይህ ሳያንስ መሪው ሁሉ የተሠራው በግሌን ቁመት ነው። የፍሬኑ እጀታ ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ከጣቴ ርቆ፣ በወፍራም ጓንት ጫፉን ብቻ ነው የምነካው። እጄ ወደ ላይ ተቀልብሶ ውሎ ማታ ዳቦ መቁረስ ያቅተኝ ነበር። ግሌን ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ "ኦል ጉድ፣ ዴኒስ?" ይላል። እኔም "ጉድ" እላለሁ። ምን ልበል? ሥራ የሰጠ ሰው ይህ ጎደለ፣ ያ ራቀ ይባላል? እኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ እነሱ ዘንድ ግን ዝም ያለ ሰው እንደተመቸው ይቆጠራል። ይህን መጀመሪያ ላይ የነገረኝ የለም።

ኋላ የነገረችኝ አንዲት ሴት ነበረች። የተቀደደ መቀመጫ የምትሰፋ፣ ከግቢው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ በአንድ ትልቅ የስፌት መኪና የምትሠራ የድሬዳዋ ሴት። እኔና ሌሎቹ ሐበሾች ድሬ ነበር የምንላት። አጭር፣ ሻሿን ከኮፍያዋ ሥር ጠብቃ ያሰረች፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል። የድሬ ሰው እንደምታውቁት አንቱ አያውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ነው አንተ ያለችኝ። ስነዳ አየችኝና እየሳቀች ጠራችኝ። "አቦ፣ አንተ እጅህን ወደ ሰማይ ዘርግተህ የምትሄደው ስለት አለብህ እንዴ?"

ፍሬኑ ከፍ ብሎብኝ ነው አልኳት። ታዲያ ዝቅ አድርገዋ፣ ብሎን ነው፣ ታቦት አይደለም አለችኝ። እሷ ወንበር ለመለካት የምትነዳትን አንዷን ማሽን ለራሷ አስተካክላ ነበር፤ ግሌን ሲያይ ደንበኞቻችን እንደ እኔ ናቸው፣ ማንም እንዳይነካ ብሎ ወደነበረበት መልሶታል። እሷ ማታ ታወርደዋለች፣ እሱ ጠዋት ይሰቅለዋል። የእኔንም ላውርድልህ አለችኝ፣ አይሆንም አልኩ። የባለቤቴና የልጄ ጉዳይ ኢሚግሬሽን ውስጥ ነበር። ስፖንሰር ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ሥራ ላይ መሆኔን ግቢው በየጊዜው ማረጋገጥ አለበት፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ግሌን ነው። በብሎን ምክንያት ከእሱ ጋር አልጣላም።

የባሰው ግን ብሎኑ አልነበረም። እያንዳንዱ ማሽን ሲመጣ እንደ ስልክ ሽቦ የተጠመዘዘ ቀይ ገመድ አለው። አንዱ ጫፍ መሪው አጠገብ ማጥፊያው ላይ ይሰካል፣ ሌላው በነጂው ጃኬት ላይ ይቆለፋል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ደንበኞች ግን ገመዱን ይጥሉትና ከተራራ ላይ እየደወሉ አልነሳም አለ ይላሉ። ግሌን ሰለቸው። አንድ ሳምንት ቁጭ ብሎ ማጥፊያዎቹን ሁሉ በሽቦ አገናኝቶ ያለ ገመድ እንዲነሱ አደረገ፤ ገመዶቹንም ቆራርጦ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ጣላቸው። ራስ ምታቴን ቀነስኩ አለ። እሱ ራስ ምታቱን ሲቀንስ ለእኔ ያስቀረልኝን ይኸው እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ።

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ አለ፤ በመሃል ዊንተር ድንገት ይመጣና በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ሲሄድ ደግሞ መሬቱ መስታወት ይሆናል። እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ግሌን ትልቁን ማሽን ወደ ኋላ በር አውጣው አለኝ። ለአንድ ረጅም ደንበኛ መሪው የበለጠ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተንጠልጥዬ ነው የያዝኩት። ጥግ ስዞር ተንሸራተተብኝ፣ የግራ ጣቶቼ ፍሬኑን ፈልገው አጡት። ቀኝ እጄ ናዝሬት የተማረውን አደረገ። ጨበጠ። ማሽኑ ዘለለ፣ መሪው ተጠምዝዞ አውራ ጣቴን በምላሷና በእጀታው መሃል ሰበረውና እኔን በረዶው ላይ ጥሎኝ ሄደ። ገመድ ቢኖር እዚያው ይጠፋ ነበር። ገመድ ስለሌለ እየጮኸ ብቻውን ሄዶ የድሬን ክፍል የላስቲክ መጋረጃ ጥሶ ገባ። ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ አጠገብ ያለው የስፖንጅ ክምር ነው የያዘው። ከስፖንጁ ወዲያ የቆመችው እሷ ነበረች። ተራምዳ ቁልፉን አጠፋችና ወጥታ እኔ ዘንድ መጣች። አላለቀሰች፣ አልጮኸች። በረዶው ላይ ተንበርክካ "አቦ፣ እጅህን አሳየኝ" ብቻ አለች። ያን ቀን እሷ ሞታ ቢሆን ዛሬ ግሌን ማንም ሰው አይጎዳም ነበር ይለኝ ነበር? ይለኝ ነበር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስታውሰው የራሱን ሳቅ ነው።

እጄ በጄሶ ታስሮ ከሐኪም ቤት ስመለስ ግሌን ለብቻዬ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ሙቀቱን ከፈተልኝ፣ ቡና ገዛልኝ። የግቢው ባለቤት ሰኞ ይመጣል አለ፤ ጌታው ሌላ ከተማ የሚኖር፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሽማግሌ ነው። ገመዱን የት አደረግከው ብሎ ከጠየቀህ፣ አስቸገረኝና ራሴ ነቀልኩት በል፣ ትንሽ እየተጫወትኩ ነበር በል አለኝ። እንዲህ ካልክ ሥራህ አለ፣ ለሚስትህ ጉዳይም ስልክ ሲደወልልኝ ጥሩ ሰው ነው እላለሁ። ካላልክ ግን፣ አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ድምፁ የሚያባብል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመስፍን ነገርኩት። "ጋሽ ደምሴ፣ ጎመን በጤና" አለኝ። "እሺ ይበሉት። ልጅዎ ከመጣች በኋላ ይሰድቡታል።" ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምመክረው። ሰኞ ስሄድ እሺ ልል ቆርጬ ነው የሄድኩት።

ጌታው ቢሮ ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ግሌን ቆሞ ሁሉንም ነገር ነገረው። እነዚህ ሰዎች በረዶ አያውቁም፣ እንደ መጫወቻ ነው የሚያዩት አለ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው፤ እነዚህ ሰዎች አለኝ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ ገመዱን አንተ ነህ ወይ ያነሳኸው አለ። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ድሬ ገባች። ደረቷን የሚሸፍን የመቀመጫ ቆዳ ጥቅል ታቅፋለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው። ጥቅሉ የታሰረው በቀያዮቹ ገመዶች ነበር። ገመዶቹ ከጨርቁ ጋር ሲጣሉ አንስታ፣ ጠንካራ ናቸው ብላ ጥቅሎቿን ታስርባቸው ኖሯል። የድሬ ሰው የሚያስር ነገር አይጥልም። በሩ ላይ ደግሞ እንዲሁ የታሰሩ ሌሎች ጥቅሎች ደርድራለች። በሰባራ እንግሊዝኛዋ፣ ሁሉም የተቆረጡት በአንድ ጉጠት ነው፣ ዴኒስ የምትሉት ሰው ከመውደቁ በፊት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናቸው አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ አለችኝ፦

"በል አሁን አንተ ተናገር። ልጅህን ኤርፖርት ላይ ውሸት ይዘህ ነው የምትቀበላት?"

ግሌን ምን አለች አለ። እኔ ገመዱ አልነበረም አልኩ። ማሽኑ ላይ ስወጣም አልነበረም፣ ፍሬኑም አይደርስልኝም አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ወጣ። ሽማግሌው ገመዱን ከጥቅሉ ላይ ፈትቶ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ አገላበጠው።

ፍርድ ተሰጠ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ገመዶች ታዘዙ፣ ሽቦዎቹ ተፈቱ፣ ጌታው እኔን ከሥራ እንዳይነኩኝ አዘዘ፤ ለኢሚግሬሽንም ራሱ ተናገረልኝ። ግሌን ግን ፎርማን ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ኦል ጉድ ማለቱን ብቻ ተወ።

ጄሶው ሲፈታ ጣቴ ቆሞ ቀረ። ጣቱስ ይሁን፤ ልቤም አብሮ ቆመ። ማሽኑ አጠገብ ስደርስ ዞሬ እመለሳለሁ። እሷ አየችኝና በምሳ ሰዓት ጎትታ አንዱ ላይ አስቀመጠችኝ። ሞተሩ ጠፍቷል። ዓይንህን ጨፍን አለች፤ እጅህን ዘርጋ፣ አታስብ፣ እንደሚመቸው ይረፍ። ወንበር የምትሰፋ ሴት ናት፤ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ስታይ ነው የምትውለው። እጄ ካረፈበት መሪው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነበር። ብሎኖቹን አላልታ ወደ እኔ አጋደለችው፣ ከዚያ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አጠበቀቻቸው፤ አንዱን ብቻ ጨርሰህ ካጠበቅክ ሌላው ይከዳሃል አለችኝ። የፍሬኑን እጀታ ከክንዴ ጋር ቀጥ እስኪል አወረደችው። ጓንትህን አድርግ አለች፤ በባዶ እጅ ብቻ የሚደርስ ፍሬን ፍሬን አይደለም። ነዳጅ መስጫውን ደግሞ አዙራ፣ ቆሞ የቀረው አውራ ጣቴ ሳይታጠፍ በጎኑ እንዲገፋው አደረገችው። መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ አዞረች፤ ሽቦው ተወጥሮ ነዳጁን በራሱ እንዳይስብ፣ የነዳጁ ምላስ ስትለቀቅ ቶሎ እንድትመለስ አየች። በመጨረሻ የግራውን እጀታ በቀይ የመቀመጫ ቆዳ ጠቅልላ ሰፋችው። ሲጨንቅህ ዓይንህ ወደ ቀዩ ይሂድ፣ እጅህ ይከተለዋል አለች።

አዲሱን ገመድ ጃኬቴ ላይ፣ መብረቁ አጠገብ ቆለፈችልኝና ሞተሩን አስነሳች። ንቀለው አለችኝ። ነቀልኩት። ፀጥ አለ። እንዲያ ያለ ፀጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እንደገና፣ እንደገና አስነቀለችኝ። ከዚያ ግቢውን ዞርኩ፤ እሷ መሃል ቆማ እጇን እያወዛወዘች በድንገት ቁም ትለኛለች፣ እኔም በግራዬ እይዛለሁ። በየቀኑ ምሳዋን እየተወች፣ ቀኝ እጄ ናዝሬትን እስኪረሳ ድረስ። ግሌን ከቢሮው መስኮት ያያል፤ ያን መሪ ግን ከዚያ ወዲያ አልነካውም።

በረዶው ሲያልቅ የመቀመጫ ስፌት ለውጭ ሰው ተሰጠ፣ እዚህ አያስፈልግም ተባለ። ምክንያት የነገራት የለም። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ግሌንም ያውቀዋል። መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ እንባዬ መጣ። "አቦ ተው፣ ሐዘን ቤት አደረግከው እኮ" አለችኝ። ወደ ቶሮንቶ ሄደች ሲሉ ሰማሁ፤ የነበረኝ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳው ጀመር። ባለቤቴና ሰላም በቀጣዩ በረዶ ገቡ። ኤርፖርት ላይ ልጄን ሳቅፋት፣ ይህ ጣት ለምን ቆመ ብላ ጠየቀችኝ፤ ወድቄ ነው አልኳት። ውሸት አልነበረም።

እንግዲህ ግሌን የጠየቀኝ ጥያቄ ይህ ነው። እጄን ሳይለቅ ፈገግ ብሎ፣ ያቺ ወንበር ትሰፋ የነበረች ትንሽ ሴትዮ፣ ስሟ ማን ነበር አለኝ። እሷም ደህና ሰው ነበረች አለ። እጄን ከእጁ ውስጥ አወጣሁ። ዝም አልኩት። አሁን ዝምታዬን እንደፈለገ ይቁጠረው። የእኔን ስም በአፉ ሲያበላሽ ኖሯል፣ የእሷን አልሰጠውም። ለሰላም ግን ቤት ገብቼ ነገርኳት፣ ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ዘሃራ ነው ስሟ።